መርፌ የምትወስድ ባለትዳር ኮንዶም ለምን ትጠይቃለች? ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች መድረክ የተገኘ ክር

ጥያቄውን ያቀረበችው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ባለትዳር ሴት ናት። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያ የሦስት ወር መርፌ እንደምትወስድ፣ እርግዝናን በሚመለከት ሐሳብ እንደሌላት፣ ይሁን እንጂ ባለቤቷ በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና አሽከርካሪ በመሆኑ የወሩን አብዛኛውን ሌሊት ከቤት ውጭ እንደሚያድር ገልጻለች። ባለቤቷን የምትከስበት ነገር እንደሌላት ደጋግማ ከጻፈች በኋላ ሁለት ነገር ጠይቃለች፤ አንደኛው መርፌው ከአባላዘር በሽታ በጥቂቱም ቢሆን ይከላከል እንደሆነ፣ ሁለተኛው የማይከላከል ከሆነ ትዳሯን ሳታናጋ ኮንዶም በምን አፏ ልትጠይቅ እንደምትችል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በአንድ ቃል ያልቃል፤ አይከላከልም። ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተከታተሉትን አስተያየቶች፣ ያረዘመው ሁለተኛው ነው። እኔ የመድረኩ አባል እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ጸሐፊዎቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ የተባለውን በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ።

ቁጥር 1 አጭርና ጨዋ ነው። እህቴ ብሎ ጠርቷት፣ ትዳር በእምነት እንጂ በጥርጣሬ እንደማይጸና፣ ከመንገድ የሚመለስ ባልም ምግብና ዕረፍት እንጂ ምርመራ ሊጠብቀው እንደማይገባ መክሯታል። ስለ በሽታ አንድም ቃል አልጻፈም።

ቁጥር 2 ገና ሲጀምር ተቆጥቷል። ኮንዶም የቡና ቤትና የአልጋ ቤት ዕቃ ነው ባይ ነው። በሽማግሌ ፊት የተዳረች ሴት ይህን ከባሏ ስትጠይቅ ወይ እርሱን ሴሰኛ ብላ መስደቧ፣ ወይ የራሷን ጉድ መሸፈኗ እንደሆነ፣ ይህንንም የሚያስተምሯት የፋብሪካ ጓደኞቿ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ጽፏል። አስተያየቱን ብዙ ሰው በአውራ ጣት ምልክት ደግፎታል፤ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የሚመጣው ክርክር ሁሉ ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን ከዚህ ድጋፍ ጋር የተደረገ ነው።

ቁጥር 3 ለቁጥር 2 በቀጥታ የተሰጠ መልስ ነው። ጸሐፊዋ የታላቅ እህቷን ታሪክ አንስታለች። እህቷ ለእርግዝና ክትትል ሄዳ በተደረገላት የደም ምርመራ ቂጥኝ እንዳለባት ተነገራት፤ ከባሏ በቀር ወንድ አታውቅም ነበር። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወግታ ጽንሱ ተርፏል። ባልየው ግን እኔን ምንም አላመመኝም እያለ ወደ ጤና ጣቢያው ለመሄድ ለሳምንታት አስቸግሯል። ጸሐፊዋ ቁጥር 2ን እርስዎ ብላ ጀምራ፣ ጽሑፏ ወደ ማብቂያው ሲደርስ አንተ ማለት ጀምራለች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሯ፣ መሰደብ የሚያስፈራው ሰው በሽታው ለምን እንደማያስፈራው የሚጠይቅ ነው።

ቁጥር 4 በከተማዋ ዳርቻ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። በእኔ ግምት ክሩን መስመር ያስያዘችው እርሷ ናት። በመርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን ከጡንቻ ቀስ በቀስ ወደ ደም እየገባ የእንቁላልን መውጣት እንደሚያቆም፣ የማኅፀን በርንም ፈሳሽ እንደሚያወፍር፣ ነገር ግን በሁለት ሰዎች አካል መካከል ምንም ዓይነት ግድግዳ እንደማይሠራ አስረድታለች። በክንድ የሚቀበረውም፣ በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕም፣ በየቀኑ የሚዋጠው እንክብልም እንዲሁ ግድግዳ አይሠሩም። ቀጥላም ኮንዶምን ያለ አግባብ ላለማሞገስ ቁጥሮቹን በግልጽ አስቀምጣለች። ቀጠሮ የሚያሳልፉትም ተቆጥረው፣ መርፌ ከሚወስዱ 100 ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ያህሉ ሊያረግዙ ይችላሉ፤ በክንድ የሚቀበረው ላይ ቁጥሩ ከ1 በታች ነው። ኮንዶም ሁልጊዜና በትክክል ከተጠቀሙበት 2፣ ሰው በተለምዶ እንደሚጠቀምበት ከሆነ ግን 13 ነው። ስለዚህ ኮንዶም ለእርግዝና መከላከያነት ከመርፌው ይደክማል፤ በግንኙነት ወቅት ፈሳሽ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳያልፍ በማገድ ግን መርፌው አጠገቡም አይደርስም። አንደኛው የኤችአይቪ ቫይረስ ያለበት ሌላኛው የሌለበት ጥንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሁልጊዜ ኮንዶም የተጠቀሙት ላይ የመተላለፉ መጠን በ80 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የነርሷ ምክር አንዱን በሌላው መተካት ሳይሆን ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ነው።

ቁጥር 5 መርፌው ራሱ ኤችአይቪ ያመጣል ሲባል መስማቱን፣ ለዚህም ሲል ሚስቱን እንዳስቆማት ጽፏል። ነርሷ በቁጥር 6 ተመልሳ፣ ወሬው ከባዶ እንዳልተነሣ፣ ቀደም ሲል የወጡ አንዳንድ ጥናቶች ጥርጣሬ ፈጥረው እንደነበር አምናለች። ጥርጣሬውን ለማጥራት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ተካሄደ፤ ሴቶቹ በዕጣ በሦስት ተከፍለው መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር ወይም የመዳብ ሉፕ ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ በሦስቱ መካከል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ነርሷ ግን በዚህ አላበቃችም፤ በጥናቱ ወቅት 397 ሴቶች በቫይረሱ መያዛቸውን ጠቅሳ፣ መርፌው በሽታ አለማምጣቱ አንድ ነገር፣ ሦስቱም አለመከላከላቸው ሌላ ነገር መሆኑን አሳስባለች። ቁጥር 5 ለዚህ መልስ አልሰጠም። ሚስቱ መርፌውን በማቆሟ ሌላ ልጅ ፀንሳ እንደሆነም አልነገረንም።

ቁጥር 7 ኮንዶም ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዳሉትና ቫይረሱ በዚያ እንደሚያልፍ በእርግጠኝነት ጽፏል። መልሱን የሰጠው ቁጥር 8 የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ትንሽ የክፍል ውስጥ ቃና አለው እንጂ ያለው ትክክል ነው። የኤችአይቪ ቫይረስ ስፋቱ 100 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የአንድ የውኃ ሞለኪውል ስፋት ግን አንድ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። በፋብሪካ ከየምርቱ ናሙና ተወስዶ 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ተሞልቶ ይሰቀላል፤ ውኃ የሚያፈሱት ናሙናዎች ከተፈቀደው ቁጥር ካለፉ ያ ምርት በሙሉ ይጣላል። ሌላው ናሙና በአየር ይነፋል፤ የተለመደው መጠን ያለው ኮንዶም ሳይፈነዳ ቢያንስ 18 ሊትር አየር መያዝ አለበት። ውኃ የማያሳልፍ ላቴክስ (ኮንዶሙ የሚሠራበት ጎማ) ከውኃ ሞለኪውል በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጠውን ቫይረስ የሚያሳልፍበት መንገድ የለም። መምህሩ ወሬው ከየት እንደመጣም ገምቷል፤ በውጭ አገር ከበግ አንጀት የሚሠራ ኮንዶም አለ፤ እርሱ የወንድ ዘር ቢያግድም ቫይረስ አያግድም። በአገራችን ሱቆች የሚሸጡት ግን ከላቴክስ የተሠሩ ናቸው።

ቁጥር 9 ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው፤ ጽሑፋቸው ረዥም ነው፣ ከጉዳዩም ትንሽ ወጣ ገባ ይላል፤ እኔ ግን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ቫይረሱ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1984 በደም ናሙና ከተገኘና በ1986 የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ የነበረውን ጊዜ አስታውሰዋል። ዲኬቲ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ጀምሮ ሕይወት ትረስት የተባለውን ኮንዶም በየሱቁ ሲያዳርስ፣ ገዢው ስሙን ላለመጥራት በጣቱ ብቻ ያሳይ እንደነበር፣ ባለሱቁም በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ከክብሪትና ከሲጋራ ጋር ይሰጥ እንደነበር ተርከዋል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ዘመን የገለጹት በዕድራቸው ነው። ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ወደ መጋዘን ሳይመለስ ሌላ ደጅ ይተከል ነበር፤ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ የነበሩት እርሳቸው መዋጮው አልበቃ ብሎ ብድር ሲጠይቁ ይውሉ ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ድንኳኑ አረፈ፤ ድንኳኑ ሲያርፍ ፍርሃቱም አብሮ አረፈ ይላሉ። ቁጥር 2ን ልጄ ብለው ጠርተው፣ እርሳቸው ከቀበሯቸው መካከል አብዛኞቹ በሽማግሌ ፊት የተጋቡ እንደነበሩ ነግረውታል። ነርሷ ከሥር ባስገባችው አጭር ማስታወሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 3.4 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ እንደተገኘባቸው አክላለች።

ቁጥር 10 ከኮዬ ፈጬ በኩል የሚሠራ የባጃጅ አሽከርካሪ ነው። ክሩ ከብዶበት ሊያስቅ የመጣ ይመስላል። ይህ ሁሉ ቢባልም ኮንዶም ሊታመን እንደማይገባ፣ እርሱ ራሱ የገዛው መሐል ላይ እንደተቀደደበት፣ ከዚያን ቀን ወዲህም እንደተወው ጽፏል። ብዙ ሰው ሳቀ። አንድ ሰው ብቻ፣ የት አስቀምጦት እንደነበረ ጠየቀው፤ መሪው አጠገብ ባለችው ክፍት ሳጥን ውስጥ፣ ከሳንቲሙ ጋር እንደነበረ መለሰ። የከረመ ስለነበር በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ተፋፍቆ ሊነበብ እንደማይችልም ሳይጠየቅ ጨመረ።

ቁጥር 11 የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው፤ የባጃጁን ታሪክ እንደ ማስተማሪያ ወስዶታል። ላቴክስ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ፣ በባጃጅ መስታወት ሥር ወይም በኋላ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ለወራት የኖረ ኮንዶም ቀኑ ባያልፍ እንኳ ሊታመን እንደማይገባ ጽፏል። ከሳንቲም ጋር መጋጨቱ ማሸጊያውን ሳያስታውቅ ይበሳዋል። ለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማሸጊያውን በሁለት ጣት ጫን ሲሉት በውስጡ ያለው አየር ወደ ጎን ሊገፋና ሊመለስ ይገባል፤ ልሙጥ ሆኖ ከተጣበቀ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። በጥርስ መክፈት ክልክል ነው፤ በጠርዙ ላይ እንደ መጋዝ ከተቆራረጠው ቦታ በእጅ ይቀደዳል። ሲያጠልቁ ጫፉን በጣት ጨብጦ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያም እስከ ሥሩ መዘርጋት፣ ሲጨርሱም ሳይላላ ከሥሩ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ሁለት ደርቦ ማጥለቅ ይበልጥ ይጠብቃል የሚሉ ደንበኞች እንዳሉት፣ ነገር ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ ይህ እንደማይመከር አስጠንቅቋል።

ከዚህ ሁሉ በመድረኩ ያልተጠበቀው የቅባት ነገር ነበር። የመድኃኒት ቤት ባለሙያው ቫዝሊን፣ የሕፃናት ቅባትና የምግብ ዘይት ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያዳክሙት ከጻፈ በኋላ፣ አንድ ባልና ሚስት በተደጋጋሚ እየተቀደደብን ነው ብለው ወደ እርሱ እንደመጡ አውስቷል። ዕቃው ጥሩ፣ ቀኑም ያላለፈ ነበር። ሲነጋገሩ ቆይተው ነው የተገለጠላቸው፤ ሴትየዋ ቅዳሜ ማታ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች፣ በዚያው እጇ ደግሞ ታጠልቅለታለች። እጅ በሳሙና መታጠብ በቂ ነበር። ማለስለሻ የሚያስፈልገው ሰው በውኃ ወይም በሲሊኮን የተዘጋጀውን ይግዛ፣ ምራቅም ዘይትም አይሁን ብሏል። ኖኖክሲኖል ዘጠኝ የተባለ የዘር መግደያ ኬሚካል የተቀባ ኮንዶም ከውጭ የመጣለት ሰው ካለም ከበሽታ ይበልጥ ያድነኛል ብሎ እንዳይመርጠው መክሯል፤ ኬሚካሉ ቶሎ ቶሎ ሲነካው ስስ አካልን ያቆስላል፣ ቁስል ደግሞ ለኤችአይቪ በር ይከፍታል። ስለ ቅቤው ያነበብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም መሰለኝ፤ ከሥሩ ሦስት ሴቶች በምልክት ብቻ መልስ ሰጥተዋል።

ቁጥር 12 ሱቆች ኮንዶሙን ከማስቲካ ጎን መስቀላቸውን፣ ልጆችም እንደ ፊኛ እየነፉ በደረጃው ላይ መጫወታቸውን አማርሯል። ቁጥር 13 ከዚያ ተነሥቶ ወደ ብሎካቸው የቆሻሻ አወጋገድ፣ ከዚያም ወደ ውኃ መጥፋት ሄዷል። የመድረኩ አስተባባሪ ውኃው ሌላ ክር እንዳለው አስታውሶ መለሳቸው። በእርግጥ ያገለገለ ኮንዶም በወረቀት ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ እንጂ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንደማይጣል የጠቀሰ አንድ ሰው ነበር፤ የኮንዶሚኒየም ቧንቧ የተደፈነበት ሁሉ ይገባዋል።

ቁጥር 14 ላይ ነው ሁለተኛው ጥያቄ ፊት ለፊት የተያዘው። ጸሐፊዋ በትዳር የቆየች ሴት ናት። ባሏን ስለ በሽታ አንድም ቀን አንስታበት እንደማታውቅ፣ ይልቁንም መርፌው ደሟን እንዳዛባባትና ራስ ምታት እንደጨመረባት ነግራው፣ እስኪስተካከል ድረስ በኮንዶም እንሁን እንዳለችው ጽፋለች። እርሱም ላለመውለድ ሲባል የሚደረግ ነገር ስለሆነ ምንም አልከፋውም፤ አሁን ከሱቅ የሚያመጣው እርሱ ነው። ማንም አልተከሰሰም፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም።

ይህን ሳነብ የኮንዶም ነገር በትዳር ውስጥ እንዴት እንደከበደ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ኮንዶም ሁለት ምክንያት ያለው ዕቃ ነው፤ አንዱ ልጅ፣ ሌላው በሽታ። የልጁ ምክንያት ማንንም አያስቀይምም፤ በሽታው ግን ስሙ ሲነሣ ክስ ይሆናል። መርፌውና በክንድ የሚቀበረው የልጁን ሥራ ከኮንዶም ሲረከቡ፣ ለሴቷ ታላቅ ዕረፍት ሰጧት፤ የማያስቀይመውን ምክንያት ግን ይዘውባት ሄዱ። ከላይ በተጠቀሰው የ2016 ጥናት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶ ያህሉ መርፌ ይጠቀሙ ነበር፤ በኮንዶም የሚከላከሉት ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። ይህ ቁጥር ባለትዳሮች ስለ ኮንዶም አለማወቃቸውን የሚያሳይ አይመስለኝም። የሚጠይቁበት አፍ ማጣታቸውን ነው።

ቁጥር 15 የቁጥር 14ን ዘዴ ውሸት ብሎ አጥላልቶታል። ዛሬ በመርፌ የዋሸች ነገ በምን ልትዋሽ እንደምትችል ጠይቆ፣ ባሏ ከነርሷ ጋር ቢነጋገርና መርፌው እንዳልቆመ ቢያውቅ ቤቱ እንደሚፈርስ ተንብዮአል። በዚህ ላይ ቁጥር 16 ለዘብ ያለ እርማት ሰጥታለች። መርፌው የወር አበባን ማዛባቱ እውነት እንደሆነ፣ ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት እንደሚያቆሙት፣ ስለዚህ የሆነባት ሴት ብትናገረው ውሸታም እንደማያሰኛት፤ ያልሆነባት ግን ባትፈጥረው እንደሚሻል ጽፋለች። እርሷ ራሷ ያደረገችው ሌላ ነው፤ የመርፌ ቀጠሮዋ አልፎ ስለነበር እስከሚቀጥለው በኮንዶም ቆዩ፣ ከዚያ በኋላ ልማድ ሆኖ ቀረ። እኔ ለቁጥር 16 አደላለሁ። ቁጥር 15 ለእውነት ያለው ቅናት መልካም ሆኖ፣ እውነቱን ስትናገር በቁጥር 2 አፍ የምትወድቀውን ሴት ግን አላሰበባትም።

ቁጥር 17 ዲያቆን ነው፤ ንግግሩ የተረጋጋ ነው። አንድ ለአንድ መወሰን ከሁሉ የሚበልጥ መከላከያ እንደሆነ፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት የሚጠይቁትም ለዚህ እንደሆነ ገልጿል። ቁጥር 3 ተመልሳ መጥታ፣ ወረቀቱ ስለ ዕለቱ እንጂ ስለ መጪው ዘመን እንደማይናገር፣ መወሰንም ሁለት ሰው የሚጠይቅ እንደሆነ፣ እህቷ የድርሻዋን ሙሉ በሙሉ መወሰኗን መልሳለች። ዲያቆኑ አልተቆጣም፤ ባል ካልተወሰነ ሚስት ራሷን መጠበቋን ኃጢአት ብሎ የሚከለክላት ሰው እርሱ እንደማይሆን ጻፈ። ይህን በመድረኩ ላይ መጻፍ ለእርሱ ቀላል እንዳልነበረ እገምታለሁ።

ቁጥር 18 ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ ራሱም የከባድ መኪና አሽከርካሪ ነው። የጠያቂዋን ባል እንደማያውቀው አስቀድሞ ተናግሮ፣ መንገዱን ግን እንደሚያውቀው ጽፏል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራ ሲጠበቅ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ሚሌ ወይም ሎግያ ሲታደር ሰው ብቸኛ እንደሚሆን፣ ሁሉም ሾፌር አንድ እንዳልሆነ፣ ሆኖም ከረዳትነት ጀምሮ ያያቸውን ቢቆጥር አፉን ሞልቶ ሁላችንም ንጹሕ ነን ማለት እንደማይችል አምኗል። ለቁጥር 2 የሰጠው መልስ ከሁሉም የሰላ ነበር፤ ሚስት በጠየቀች ጊዜ የሚቆጣ ሾፌር ካለ የሚቆጣበትን ምክንያት ሌላው ሾፌር ያውቀዋል ብሎታል። እርሱ ሚስቱ እስክትጠይቀው አልጠበቀም፤ አንድ ቀን ከመንገድ ሲመለስ ራሱ ገዝቶ ገባ። ሚስቱ ምን አለች ብለው ለጠየቁት፣ ለረዥም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ እራት እንዳቀረበችለት መልሷል። በቀጣዩ ሳምንት አብረው ተመረመሩ።

ጠያቂዋ በቁጥር 19 ተመልሳ አመስግናለች። ከሁሉ አስቀድሞ አብሮ የመመርመሩን መንገድ እንደምትመርጥ፣ ለዚህም ልጆቹን ምክንያት እንደምታደርግ ጽፋለች። ነርሷ ወዲያው አንድ ነገር አረመች፤ ቫይረሱ ገና ከገባ ምርመራው ለጊዜው ላያሳየው ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ መድገም፣ በመካከሉም በኮንዶም መቆየት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የኮንዶሙን ጥያቄ ከሚስት አፍ ወደ ነርስ አፍ ያዛውረዋል፤ ሁለቱም ይህን የተገነዘቡት ይመስለኛል።

ከቁጥር 20 እስከ 23 ያሉት ጥያቄና መልሶች አጫጭር ናቸው። የሴቶች ኮንዶም ይገኝ እንደሆነ ለጠየቀች፣ ናይትራይል ከተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራውና በዘይት የማይጎዳው እንዳለ፣ ሴቷ ራሷ ቀደም ብላ ልታስገባው እንደምትችል፣ በተለመደው አጠቃቀም ከ100 ሴቶች 21 ያህሉ ሊያረግዙ እንደሚችሉ፣ በዚህ አካባቢ መድኃኒት ቤቶች ግን እምብዛም እንደማይታይ ተነግሯታል። ኮንዶም ሁሉን ይከላከላል ወይ ለሚለው፣ ፈሳሽ የሚያስተላልፋቸውን ጨብጥን፣ ክላሚዲያንና ኤችአይቪን በደንብ እንደሚያግድ፣ ቂጥኝን፣ ሄርፒስንና የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ግን ባልተሸፈነ ቆዳ በኩል ሊያመልጡ ስለሚችሉ በከፊል ብቻ እንደሚቀንስ መልስ ተሰጥቷል። ለዚህኛው ቫይረስ ክትባት እንዳለ፣ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት እንደተጀመረ አንዲት እናት አስታውሳለች። ሌሊት ለተቀደደበት ሰው ደግሞ ሁለት የጊዜ ገደብ አለ፤ ፖስትፒል የተባለው ድንገተኛ መከላከያ እንክብል እስከ 72 ሰዓት ድረስ፣ በፈጠነ ቁጥርም ይበልጥ፣ እርግዝናን ብቻ ይከላከላል፤ ለኤችአይቪ ተጋልጠናል የሚሉ በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ደርሰው ባለሙያው ከወሰነ ለ28 ቀን የሚዋጠውን መድኃኒት መጀመር አለባቸው።

ቁጥር 24 ቫይረሱ በደሟ ያለባት ሴት ናት። በክሩ ውስጥ ስለ እርሷና ስለ መሰሎቿ እንደ አደጋ መወራቱ እንዳሳዘናት ገልጻለች። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እንደምትወስድ፣ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰና በዚያው ከቆየ በግንኙነት እንደማይተላለፍ፣ ባሏም እስከ ዛሬ ነፃ እንደሆነ ጽፋለች። የሚፈራው የተመረመረው ሳይሆን ያልተመረመረው ነው ባይ ናት። ቁጥር 9 አባት ልጄ ብለው ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ ቁጥር 2 እስከዚህ ድረስ ተመልሶ አልጻፈም።

ቁጥር 25 ያው የባጃጅ አሽከርካሪ ነው፤ በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ሽንት ሲሸና የሚያቃጥለውና መግል የመሰለ ፈሳሽ የሚያየው አንድ ጓደኛ እንዳለው፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ካፕሱል ገዝቶ ግማሹን ራሱ ውጦ ግማሹን ለፍቅረኛው እንደሰጣት፣ ተሽሎት እንደነበር፣ አሁን ግን እንደተመለሰበት፣ እርሷን ምንም እንደማያማት ጽፎ ምክር ጠይቋል። ስለ ጓደኛው ማንም አልቀለደበትም። ነርሷ በቁጥር 26 መልሳለች። ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት እንደማያሳዩ፣ ሳይታከሙ ከቆዩ ግን ወደ ማኅፀንና ወደ ቱቦዎቹ ወጥተው መካን ሊያደርጉ እንደሚችሉ፣ ለሁለት የተካፈሉት መድኃኒት ሁለቱንም እንደማያድንና ጀርሙን መድኃኒት እንደሚያለምደው፣ ጨብጥ በብዙ ካፕሱሎች ላይ ስለተላመደ ዛሬ በመርፌ እንደሚታከም አብራርታለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታከሙ፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራም አብረው ያድርጉ፣ ሁለቱም ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላ ለሰባት ቀን ግንኙነት አያድርጉ ብላለች። ቁጥር 27 እንደገና የባጃጅ አሽከርካሪው ነው፤ ጤና ጣቢያው ቅዳሜ ይሠራ እንደሆነ ጠይቋል። እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል ተብሎ ተመልሶለታል፤ ለሁለት ሰው ካርድ እንዲያወጣም ተነግሮታል።